የሚታደስ ቤት ስትገዙ ውሉ ላይ ምን አስገባችሁ?

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በ1956 የተሠራ ቤት አይተን ሰፈሩን ወደነዋል። ኪችኑም ቤዝመንቱም ግን ብዙ ሥራ አለባቸው። ሻጩ «አዝ ኢዝ» (እንዳለ) ነው የምሸጠው ብሏል። ኤጀንታችን ደግሞ ሌላ ሰው እንዳይቀድመን ኢንስፔክሽኑን (ቤቱን በባለሙያ ማስመርመሩን) እንተወው ይለናል። በኤፍ ኤች ኤ (መንግሥት ዋስ በሚሆንበት የቤት ብድር) ነው የምንገዛው። ምን ትላላችሁ?

መልስ 1
ኧረ እህቴ፣ እንዳትተዪው! እኛ ተቻኩለን ትተን በገባን በአራተኛው ወር ቤዝመንታችን በፍሳሽ ተጥለቀለቀ። ወደ መንገድ የሚወጣው የድሮ የሸክላ ቧንቧ ውስጥ የዛፍ ሥር ገብቶበት ኖሯል። በካሜራ ብናሳየው ጥቂት መቶ ዶላር ነበር። ቁፋሮው 11 ሺህ በላን።

«አዝ ኢዝ» ማለት አልጠግንም ማለት እንጂ አታዩም ማለት አይደለም። «ጠግንልን አንልም፤ ካልተስማማን ግን ቀብዳችንን ይዘን እንወጣለን» የሚል አስገቡ። ሻጭን የሚያስፈራው የጥገና ዝርዝር ነው። የኢንስፔክሽኑን ቀንም አሳጥሩለት፣ ሰባት ቀን ይበቃል። ብቻ የምትወጡ ከሆነ ቀኑ ሳያልፍ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ካለፈ ቀብዱም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ደግሞ ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ነው። ስለ እርሳስ ቀለም ሻጩ የሚያውቀውን በጽሑፍ መንገር አለበት። በራሳችሁ ወጪ ለማስመርመርም ሕጉ 10 ቀን ይሰጣችኋል። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ይቺን መብት በፊርማ አትልቀቋት።

መልስ 2
እኔ የእድሳት ሥራ ነው የምሠራው። ሻጭ ጠግኖ እንዲያስረክባችሁ በፍጹም አትጠይቁ። ሊለቀው ላለው ቤት ርካሹን ሰው ነው የሚያመጣው።

ዋጋ ከማስቀነስ ክሬዲት፣ ማለትም ሻጩ ወጪያችሁን እንዲሸፍንላችሁ ማድረግ፣ ይሻላችኋል። 10 ሺህ ዶላር ከዋጋው ቢቀነስ በ30 ዓመት ብድር በወር 60 ዶላር ገደማ ነው የሚቀንስላችሁ። ክሬዲቱ ግን የክሎዚንግ (ግዢውን የመጨረሻ) ወጪያችሁን ሲሸፍን ጥሬ ብራችሁ ለኪችኑ ይተርፋል። በኤፍ ኤች ኤ ሻጩ ከቤቱ ዋጋ እስከ 6 በመቶ መስጠት ይችላል፣ ከትክክለኛው የክሎዚንግ ወጪ ማለፍ ግን አይቻልም።

የተላላጠ ቀለም ካለ ተራው ኤፍ ኤች ኤ ሳይጠገን አያሳልፈውም። ባንኩን 203ኬ ስለሚባለው የኤፍ ኤች ኤ ብድር ጠይቁት፤ እድሳቱን ከቤቱ ብድር ጋር ያበድራል። ትንሹ ዓይነት እስከ 75 ሺህ ድረስ ነው፣ የቤቱን ተሸካሚ አካል የሚነካ ሥራ ግን አይሠራበትም። ጊዜ ስለሚወስድ የክሎዚንጉን ቀን አርቁት። ቤዝመንቱ በፐርሚት (በሥራ ፈቃድ) የተሠራ መሆኑንም ከካውንቲው አረጋግጡ። እዚህ ላይ ስንቱ አበሻ ጉድ ሆኗል!

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኤጀንቱ ትንሽ አኮረፈ፣ ግን ሰባት ቀን ብሎ ጽፎ ልኮታል። አሁን የፍሳሽ ካሜራ የሚሠራ ሰው የምታውቁ በውስጥ ጻፉልኝ።