ፎስፌት የሌለበት ብላንክ ለምን ሰማያዊ ይሆናል?

ሰላም፣ የእንጅባራ አካባቢ አሲዳማ አፈር ያለውን ፎስፈረስ በሞሊብዴት ሰማያዊ ዘዴ (ፎስፌት ከሞሊብዴት ጋር ተዋህዶ በአስኮርቢክ አሲድ ሰማያዊ የሚሆንበት)፣ በ880 ናኖሜትር ብርሃንና በ1 ሴንቲሜትር ኩቬት (የመለኪያ ብልቃጥ) እየለካን ነው። ያስቸገረን ብላንኩ፣ ማለትም አፈር ሳይገባበት ለማነጻጸሪያ የሚለካው መፍትሔ ነው። በ10 ደቂቃ አብዞርባንሱ (ብርሃን የመዋጥ መጠኑ) 0.11 ይደርሳል፤ በ30ኛው ደቂቃ ኩቬቱን ነጭ ወረቀት ላይ ስናቆመው ሰማያዊነቱ በዓይን ይታያል።

አስኮርቢክ አሲዱ የዕለቱ ነው። ብርጭቆው ሳሙና ሳይነካው በ10% ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ታጥቧል። ውሃውንም ቀየርን፤ ያው ነው።

የምንጠረጥረው ሰልፈሪክ አሲዱን ነው። ጠርሙሱ ከተከፈተ ቆይቷል፤ እርጥበት ስቦ ቀጥኖ ይሆናል። አሲዱ ካነሰ ደግሞ ሞሊብዴቱ ፎስፌት ባይኖርም ብቻውን ሰማያዊ ይሆናል። በሶዲየም ካርቦኔት ቲትሬት አድርገን ጥንካሬውን ብናረጋግጥ ይበቃል? ወይስ ሞሊብዴቱ ራሱ ተበክሎ ይሆን? አፈሩ ያለው ፎስፈረስ ጥቂት ስለሆነ ብላንኩ ንባቡን እየዋጠው ነውና፣ የሠራችሁበት እባካችሁ ንገሩን።