ለሩቅ ደሴቶች የአደጋ ጊዜ ገንዘብ፦ ለመርከብ ወይስ እዚያው ለሚከማች ዕቃ?

ጥያቄ፦
እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2022 የፓስፊክ ውቅያኖስ የደሴቶች አገር በሆነችው ቶንጋ ውስጥ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የባሕር ውስጥ የኢንተርኔት ገመዷ ተበጠሰ፤ የተጠገነው ከ5 ሳምንት በኋላ ነው። ማኮብኮቢያው በአመድ ተሸፍኖ የእርዳታ አውሮፕላን ያረፈው ጃንዋሪ 20 ነበር። ማንጎ ደሴት ላይ አንድም ቤት አልተረፈም። እንዲህ ላሉ ቦታዎች መንግሥት ገንዘቡን መጀመሪያ ምን ላይ ቢያውለው ይሻላል?

መልስ፦
እዚያው በሚከማች ዕቃ ላይ፤ ከሁሉም በፊት ደግሞ ውኃ ላይ። የቶንጋ ሰው በአብዛኛው የሚጠጣው ከጣራ የተጠራቀመ ዝናብ ነው፤ አመድ ከገባበት ሮቶው ሙሉ ሆኖ ሰው ይጠማል። ማስጠንቀቂያ እንደተሰማ ከአሸንዳው ወደ ሮቶው የሚወርደው ቱቦ ይነቀል፣ ክዳኑም ይገጠም። ቱቦው የሚመለሰው ጣራው ተጠርጎና ታጥቦ፣ እጣቢው ውጭ ከፈሰሰ በኋላ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት አመዱን በውኃ ሲያጥለቀልቁት ነው፤ ይከብድና ጣራውን ያጎብጠዋል፣ አሸንዳውንም ይደፍናል። ብናኙ እንዳይነሣ ርከፍከፍ አድርጎ መጥረግ ይበቃል።

ድፍርስ ውኃ የክሎሪንን ኃይል ስለሚያዳክም መጀመሪያ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል። ከዚያ ለ20 ሊትር ጀሪካን ሽታ ያልተጨመረበት፣ 5 በመቶ የሆነ በረኪና 2 ሚሊ ሊትር ጨምሮ 30 ደቂቃ ማቆየት ነው። በረኪና ጀርም ይገድላል እንጂ ከአመድ የመጣ ፍሎራይድን (ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ ንጥረ ነገር) አያስወግድም፤ ማፍላትም እንዲሁ። ስለዚህ ከዝናቡ ያልተገናኘ አንድ የታሸገ የጋራ ሮቶ የግድ ያስፈልጋል። 10,000 ሊትር፣ ለአንድ ሰው ለመጠጥ በቀን 3 ሊትር ቢታሰብ፣ 100 ሰው 33 ቀን ያቆያል።

ሌላ መልስ፦
በውኃው እስማማለሁ፤ የመገናኛው ነገር ግን ይታሰብበት። የሳተላይት ስልክ ገዝቶ ቁም ሣጥን ውስጥ መቆለፍ ዝግጅት አይደለም። የአየር ሰዓቱ ያልቃል፣ ባትሪው ይሞታል፣ ቤት ውስጥም አይሠራም፤ ወፍራም የአመድ ደመናም ያውከዋል። በየወሩ ይደወልበት። አጠገቡ ያለ ሳተላይት ሩቅ የሚደርስ የኤችኤፍ (HF) ሬዲዮ ከነሶላሩ ይኑር፤ የሶላሩ ገጽ ላይ የተኛ አመድ ካልተጠረገ ባትሪው አይሞላም። ሪፖርቱ ጠዋትና ማታ በተቆረጠ ሰዓት ይሁን፦ የሞተና የቆሰለ፣ ውኃው ስንት ቀን ይበቃል፣ ጀልባ የሚጠጋው በየት በኩል ነው። በሰዓቱ ድምፅ ያልተሰማበት ደሴት፣ ሌላ ጥሪ ሳይጠበቅ፣ ጀልባ ይላክለት።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ከውጭ የሚመጣው እርዳታስ?

መልስ፦
ይምጣ፣ ግን በጥንቃቄ። ቶንጋ ኮቪድን ፈርታ የእርዳታውን ዕቃ 72 ሰዓት ለብቻው ታቆይ ነበር፤ ያም ሆኖ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ሁለት የወደብ ሠራተኞች በኮቪድ ተይዘው ተገኙ። እነዚያን 3 ቀናት የሚሸፍነው ቀድሞ ደሴቱ ላይ የተቀመጠው ውኃና ምግብ ነው።