ኢስተሬዜ ፒኤች 5 ላይ ዜሮ፣ ፒኤች 10 ላይ ጣሪያ ነካ፤ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ጭቱ_27፦
ሰላም ለሁላችሁም። ማስተርሴን እየሠራሁ ነው፣ ከጭቱ ሐይቅ ዳር ከወሰድነው ደለል ያወጣሁት ባሲለስ አለ፣ ትሪቡትሪን (ስብ) ያለበት ፕሌት ላይ ጥሩ ክሊር ዞን ስለሰጠኝ ኢስተሬዙን፣ ማለትም ኢስተር የሚሰብረውን ኢንዛይም፣ ካራክተራይዝ ላድርገው ብዬ ገባሁበት። ክሩዱን በአሞኒየም ሰልፌት አውርጄ ዳያላይዝ አድርጌዋለሁ። ሰብስትሬቴ ፓራ ናይትሮፊኒል ቡቲሬት ነው፣ ኢንዛይሙ ሲቆርጠው ፓራ ናይትሮፊኖል ይወጣና ቢጫ ይሆናል፣ እሱን 405 ናኖሜትር ላይ አነባለሁ፣ ሁሉም 45 ዲግሪ ላይ ነው። ችግሩ ፒኤች 5 እና 6 ላይ ምንም የለም፣ 7 ላይ ትንሽ አለ፣ 8 ላይ ጥሩ ነው፣ ከዛ 9 ላይም 10 ላይም ይወጣል እንጂ አይወርድም። ከሶዳ ሐይቅ (ፒኤቹ ከፍ ያለ) ስለመጣ አልካላይን መሆኑ ይጠበቃል ይሉኛል፣ እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም፣ ምክንያቱም ትናንት ኢንዛይም ያልጨመርኩበትን የፒኤች 10 ኩቬት ቤንቹ ላይ ረስቼው ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ቢጫ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ሌላው ደግሞ ፒኤች 8ን በሁለት ቡፈር (ፒኤቹን የሚጠብቅ ፈሳሽ)፣ በፎስፌትም በትሪስም ሠርቼው ሁለት የማይገናኝ ቁጥር ሰጠኝ። ሦስት ሳምንት ነው የቀረኝ፣ እባካችሁ።

የቤንች_ልጅ፦
እህቴ ብላንክሽ (የሚሠራ ኢንዛይም የሌለበት ማነጻጸሪያሽ) ምንድነው? ለእያንዳንዱ ፒኤች ለብቻው ነው ወይስ አንድ ብቻ?

ጭቱ_27፦
አንድ ብቻ ነው፣ በፒኤች 7 ቡፈር የሠራሁት።

የቤንች_ልጅ፦
እሱ ነው በቃ ግማሹ ችግርሽ። ቡቲሬቱ ኢስተር ነው፣ አልካላይን ውስጥ ማንም ሳይነካው ራሱን ይሰብራል፣ ፒኤቹ በወጣ ቁጥር ይፈጥናል። ያየሽው ቢጫ እሱ ነው።

አረንጓዴ_ውሃ፦
ሶዲየም ካርቦኔት ጨምረሽ ሪአክሽኑን አቁሚውና ከዛ አንብቢ፣ እኛ ቤታ ግሉኮሲዴዝ ስንሠራ ሁሌ እንደዛ ነው የምናደርገው፣ ቀለሙም ሁሉም ላይ እኩል ይወጣልሻል።

ጋሼ_ላብ፦
አረንጓዴ ውሃ፣ ያልከው ለግሉኮሲድ ልክ ነው፣ ግሉኮሲዱ ቤዝን ይችላል። ለኢስተር ግን አይሆንም ወንድሜ፣ ካርቦኔቱ የተረፈውን ሰብስትሬት ይሰብረዋል፣ አቆምኩት ስትል ጭራሽ ታፋጥነዋለህ።

አንቺ ልጄ፣ ሌላኛው ግማሽ ችግር ቀለሙ ራሱ ነው። 405 ላይ ቢጫ ሆኖ የሚታየው ፕሮቶኑን የጣለው ፓራ ናይትሮፊኖል ብቻ ነው፣ ፒኬኤው፣ ማለትም ግማሹ ፕሮቶኑን የሚጥልበት ፒኤች፣ 7.15 አካባቢ ነው። ፒኤች 5 ላይ ከመቶው 1 እንኳን አይሞላም ቢጫው፣ 6 ላይ 7 ቢሆን ነው፣ 7 ላይ 41፣ 8 ላይ 88፣ 9 ላይ ወደ 99 ይጠጋል። አሁን የራስሽን ግራፍ ከዚህ ጎን አስቀምጪው። ፒኤች 5 ላይ ኢንዛይምሽ እየሠራ ሊሆን ይችላል፣ የሚያመርተው ግን ቀለም ስለሌለው ማሽኑ አያየውም። እኔ ብዙ ተማሪ በዚህ ሲሳሳት አይቻለሁ፣ ከሶዳ ሐይቅ ነው የሚለው ማብራሪያ ዝግጁ ስለሆነ ማንም ተመልሶ አይፈትሸውም፣ እሱ ነው የሚያሳዝነኝ።

መፍትሔው 405ን ትተሽ 348 ናኖሜትር ላይ ማንበብ ነው። እዛ ላይ ፕሮቶን ያለውም የሌለውም እኩል ብርሃን ይውጣሉ፣ ስለዚህ ፒኤች አይረብሽሽም። ኤክስቲንክሽኑ፣ ማለትም ብርሃን የመዋጥ አቅሙ፣ ወደ 5,400 ገደማ ነው፣ 405 ላይ ካለው 18,000 ያነሰ ስለሆነ ሲግናልሽ ይቀንሳል፣ አትደንግጪ። ቁጥሩን ከእኔ አትውሰጂ፣ በራስሽ ስታንዳርድ አውጪው።

የቤንች_ልጅ፦
ማሽንሽ 405 ፊልተር ብቻ ያለው ፕሌት ሪደር ከሆነስ? እንደዛ ከሆነ በእያንዳንዱ ቡፈር ውስጥ ለየብቻ የፓራ ናይትሮፊኖል ስታንዳርድ ከርቭ ሥሪ፣ ያድናል፣ 5 እና 6 ላይ ግን ሲግናሉ በጣም ትንሽ ስለሆነ ብዙም አትመኚው።

ጭቱ_27፦
ኩቬት ነው፣ የፈለግኩት ላይ ማንበብ እችላለሁ። የፎስፌቱና የትሪሱ ልዩነትስ?

ከበርሊን፦
ሰላም፣ እኔ እዚህ ጀርመን ፒኤችዲዬን ኢንዛይም ላይ ነው የምሠራው፣ በዚህ ተቃጥያለሁ። ትሪስሽን የት ዲግሪ ላይ ነው ያስተካከልሽው? ሩም ቴምፕሬቸር ላይ ከሆነ የትሪስ ፒኤች በየዲግሪው ወደ 0.03 ይወርዳል፣ 25 ላይ 8 ያልሽው 45 ላይ ስታስገቢው 7.4 አካባቢ ደርሷል ማለት ነው፣ ፎስፌት ግን ብዙም አይነቃነቅም። ስለዚህ ፒኤች 8 ብለሽ ያወዳደርሻቸው ሁለቱ አንድ ፒኤች ላይ አልነበሩም። ሌላው ትሪስም ግላይሲንም አሚን አላቸው፣ አሚን ራሱ ኢስተሩን ይመታዋል፣ ብላንክሽን በዛው ቡፈር ካልሠራሽ ኢንዛይም ይመስልሻል። እኔ ብሆን ሁሉንም በብሪተን ሮቢንሰን ቡፈር እሠራዋለሁ፣ ፎስፎሪክ፣ አሴቲክና ቦሪክ አሲድ እያንዳንዳቸው 40 ሚሊሞላር፣ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እያስተካከልሽ ከ5 እስከ 10 በአንድ ቡፈር ትሄጃለሽ፣ አሚንም የለበትም። ፒኤቹን 45 ላይ ለኪው።

ጋሼ_ላብ፦
ጥሩ ብሏል። ብላንኩን ደግሞ በተቀቀለ ኢንዛይም ሥሪው፣ ስትቀንሺም የመጨረሻውን ቁጥር ሳይሆን ስሎፑን (በየደቂቃው የሚጨምረውን) ከስሎፑ ቀንሺ። የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ደቂቃ ቀጥ ያለውን ብቻ ውሰጂ። ሰብስትሬቱን በአሴቶናይትራይል አሟሚውና መጨረሻ ላይ አስገቢው፣ ቡፈር ውስጥ አዘጋጅተሽ አታሳድሪው።

ጭቱ_27፦
ከአራት ቀን በኋላ ነው የምመለሰው፣ ይቅርታ። ሁሉንም በብሪተን ሮቢንሰን ደግሜ 348 ላይ አነበብኩት፣ በየፒኤቹ የተቀቀለ ብላንክ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ። ፒኤች 6 ላይ ዜሮ ያልኩት ከከፍተኛው ሲሶ ገደማ ነው፣ ከፍተኛው 8.5 ላይ ነው፣ 9.5 ላይ ይወርዳል፣ 10 ላይ ግማሽ እንኳን አይሞላም። የፒኤች 10 ብላንክ ስሎፕ ብቻውን ከድሮው ቁጥሬ ከግማሽ በላይ ነበር። ግራፉ ወጥቶ ሲወርድ ሳየው እንባዬ መጣ። ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ግን አንድ ነገር፣ 10 ላይ የወረደው ኢንዛይሙ ሞቶ ነው ወይስ እዛ መሥራት አቅቶት?

ጋሼ_ላብ፦
ኢንዛይሙን ያለ ሰብስትሬት ፒኤች 10 ውስጥ አንድ ሰዓት አቆይውና ቀንሰሽ ወስደሽ 8.5 ላይ ለኪው፣ ካልቆየው ጋር አወዳድሪው። ተመልሶ ከሠራ አልሞተም። ሲቀንስ ቡፈሩ በቂ አቅም እንዳለው እይ፣ ያስገባሽው ጠብታ ፒኤቹን ከፍ እንዳያደርግብሽ።

ጭቱ_27፦
ነገ ጠዋት እጀምረዋለሁ።