ባንክ ቢወድቅ 100,000 ብር ይበቃናል?

የአጋሮ ልጅ፦ ሰላም ጅማዎች። ትናንት ቡና ላይ የጀመርነውን ክርክር እዚህ እንጨርሰው። ያልነበራችሁ እንድትገቡበት ነገሩን ላስረዳ። በ2013 ዓ.ም. በወጣ ደንብ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ተቋቁሟል። ባንኮችና ማይክሮ ፋይናንሶች አረቦን (የመድን ክፍያ) ይከፍላሉ። አንዱ ቢወድቅ ፈንዱ ለአስቀማጩ ይከፍላል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ደንቡ ያስቀመጠው ጣሪያ ግን 100,000 ብር ነው። ያኔ ዶላር በባንክ 40 ብር አካባቢ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ያ 100,000 ብር 1,000 ዶላር እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ጣሪያው ይነሳ ባይ ነኝ። የምትቃወሙ ኑ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ መጣሁልህ። አረቦኑን ባንኩ ከኪሱ የሚከፍል መስሎህ ነው? ወይ የአገልግሎት ክፍያ ላይ ይጨምርብሃል፣ ወይ ከወለድህ ይሸርፍብሃል። ሂርማታ ገበያ በርበሬ የምትሸጠዋ እናት ቁጠባዋ 100,000 አይደርስም፣ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል። ጣሪያው ቢነሳ የሚጠቀመው ባለ ብዙ ብሩ ነው። እሱ ደግሞ ባንክ መምረጥም፣ ገንዘቡን ሦስት ቦታ መክፈልም ይችላል። ሁሉም ነገር ዋስትና ካለው ከፍተኛ ወለድ ወዳቀረበለት ይሮጣል እንጂ ባንኩ ለማን እያበደረ እንደሆነ ዞር ብሎም አያይም።

ጀንፈል፦ የኔ ባንክ መጋዘን ውስጥ በጆንያ ተደርድሯል። ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ አይወድቅም አቦ።

የአጋሮ ልጅ፦ @ጀንፈል ባለፈው ክረምት ጣራው ሲያፈስ መድን ፈንድህ ማን ነበር? 😂

@ሒሳብ ሠራተኛዋ እህቴ፣ ባለ ብዙ ብር ያልሽው ማንን ነው? የቡና ሰብሳቢን አካውንት በኅዳር ብታዪው ሚሊዮን ልታገኚበት ትችያለሽ። የሱ ሀብት ግን አይደለም። ቡናውን የሚረከበው አቅራቢ ልኮለት ነው፣ በሁለት ቀን ውስጥ ገበሬው እጅ ይገባል። ባንኩ በዚያች ሁለት ቀን ቢዘጋ ሰብሳቢው 100,000 ተቀብሎ ለሃምሳ ገበሬ ምን ብሎ ያከፋፍል? በወረቀት ሀብታም እሱ ነው፣ የሚጎዳው ግን ማሳው ላይ ያለው ነው።

ግማሽ ዋስትና ደግሞ ሰው አያረጋጋም። እንግሊዝ አገር ኖርዘርን ሮክ የሚባል ባንክ በመስከረም 2007 እ.ኤ.አ. ሲንገዳገድ መድን ነበረው። የመጀመሪያው 2,000 ፓውንድ ሙሉ፣ ከዚያ በላይ ያለው እስከ 35,000 ድረስ ደግሞ 90 በመቶ ይሸፈን ነበር። ሕዝቡ ግን አሥሯን በመቶ ላለማጣት ሌሊት ወጥቶ በር ላይ ተሰለፈ። ሰልፉ የቆመው መንግሥት ሙሉውን እከፍላለሁ ሲል ነው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ የአሜሪካውን የሲሊከን ቫሊ ባንክ ውድቀት ለምን ዘለልከው? መጋቢት 2023 እ.ኤ.አ.። የአሜሪካ ጣሪያ 250,000 ዶላር ነው። አስቀማጮቹ በአብዛኛው ከዚያ በላይ የነበራቸው ድርጅቶች ነበሩ። በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ሊያወጡ ተሯሯጡ። በመጨረሻ ለሁሉም ሙሉ ተከፈለ፣ ቀዳዳውን የሞላው ግን በሌሎቹ ባንኮች ላይ የተጣለ ልዩ መዋጮ ነው። ባላጠፉት ማለት ነው። የኔ ፍርሃት ይሄ ነው። በደንብ የሠራው ባንክ ደንበኛ በዘፈቀደ የሠራውን ባንክ ዕዳ እንዲከፍል አልፈልግም። ብሔራዊ ባንክ ቀድሞ ይቆጣጠር፣ ደካማውን ሳይወድቅ ያዋህደው።

አወቱ ዳር፦ ሁለታችሁም ስለሚወድቅ ባንክ ነው የምታወሩት። እኔን ያቃጠለኝ ያልወደቀው ነው። በቡና ወቅት ነው፣ ስሙን የማልጠራው ባንክ ቅርንጫፍ ገባሁ። አካውንቴ ላይ ገንዘቡ አለ፣ ስልኬ ላይ ቁጥሩ ይታየኛል። ካሸሯ ወደኋላ ዞራ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተንሾካሾከችና «ጥሬ ገንዘብ አልገባም፣ ከሰዓት ብቅ በል» አለችኝ። ከሰዓት 20,000 ሰጡኝ። ውጭ አይሱዙ ላይ እሸት ቡና ተጭኗል። እሸት በዚያው ቀን ካልተፈለፈለ ይቦካል፣ ጥራቱ ይወርዳል። ገበሬዎቹ ደግሞ ቆመው እኔን ያያሉ። በዚያ ሰዓት መድን ፈንድ ምን ያደርግልኛል?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ይሄኛው ላይ ካንተ ጋር ነኝ። ነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረቱን ለማርገብ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ሲገድብ እኛ ቢሮ አቅራቢዎች ብድር አጥተው ሲንከራተቱ አይቻለሁ። እርምጃው ትክክል ሊሆን ይችላል። ለቡና ወቅት ግን የተለየ መላ አልነበረውም።

ግቢ ነኝ፦ እኔም አንድ ነገር ልጨምር። መጋቢት 2016 የንግድ ባንክ ሲስተም ሲበላሽ ከሒሳባቸው በላይ ያወጡ ነበሩ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም አሉበት። የኛም ግቢ ስሙ ተነስቷል። ይመለስ መባሉ ልክ ነው፣ አልከራከርም። ባንኩ ግን ያልመለሱትን ሰዎች ስም፣ የአንዳንዶቹንም ፎቶ፣ ቅርንጫፎቹ በር ላይ ለጠፈ። @አወቱ ዳርን ገንዘቡን የከለከለው ባንክስ? ፎቶው የት ይለጠፍ?

የአጋሮ ልጅ፦ 😂😂 ይሄ ይያዝልኝ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ሳቁን ተዉትና፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣ የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አለ። መጀመሪያ ለባንኩ ቅሬታ ታስገባለህ፣ ካልፈታልህ ወደ ብሔራዊ ባንክ ትሄዳለህ። ጣሪያው ላይም ትንሽ ልለሳለስ። ለሰብሳቢ የሥራ አካውንት የተለየ ጣሪያ ቢኖር አልቃወምም። ለሁሉም ይነሳ የሚለውን ግን አሁንም አልቀበልም። @አወቱ ዳር በጽሑፍ አመልክተህ ነበር?

አወቱ ዳር፦ እሸቱ መኪና ላይ እየቦካ? ከጎረቤት በዱቤ ተበድሬ ከፈልኳቸው፣ ዕዳውን እስከ ጥር ስመልስ ነበር።