ሚጥሚጣ ለለመደ አፍ፦ ከታኮ ቤል፣ ከቺፖትሌና ከጠርሙስ ሶሶች የቱ ይሻላል?

አሜሪካ አዲስ የገቡ ሐበሾች ደጋግመው የሚጠይቁት ነገር አለ። «ሆት» ተብሎ የተጻፈበትን ሶስ ሙሉውን አፈሰስኩት፣ ምንም አላቃጠለኝም፤ የሚያቃጥል የት ይገኛል? እኔ ግን ከማቃጠሉ በፊት ኮምጣጤውን እዩ እላለሁ። የእኛ በርበሬ በሽንኩርትና በዘይት ቁሌት ተሠርቶ ነው የሚበላው። ቃጠሎው ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ይቆያልም። እዚህ ሱቅ ያለው የጠርሙስ ሶስ በአብዛኛው ኮምጣጤ ነው። ምላስን ቶሎ ይነድፍና ወዲያው ይጠፋል። ሶስ የምመርጠውም በዚሁ ነው።

ከታኮ ቤል ልጀምር፤ እንደ ቺፖትሌ ሁሉ የሜክሲኮ ዓይነት ምግብ የሚሸጥ፣ በየከተማው ቅርንጫፍ ያለው ሰንሰለት ምግብ ቤት ነው። ፓኬቶቹ በነፃ ነው የሚሰጡት፤ ማይልድ፣ ሆት፣ ፋየርና ዲያብሎ ይባላሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እለፏቸው፣ ቲማቲሙ ይበዛባቸዋል። ፋየር ጥሩ ጣዕም አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 የመጣው ዲያብሎ ከአራቱ ኃይለኛው ነው። ሥጋው ራሱ ቅመም አለው እንጂ አያቃጥልም፤ ስለዚህ ዲያብሎውን በዛ አድርጋችሁ ጠይቁ፣ አይከለክሏችሁም።

ቺፖትሌ በጣዕም ይበልጣል። እዚያ ሳልሳው (የሜክሲኮ ማባያ ነው) በመስታወቱ በኩል ስለሚታይ በጣት ማሳየት ይበቃል። የቲማቲሙ ለልጆች ነው። የበቆሎውና አረንጓዴው መካከለኛ ናቸው። ቀዩን በሉ፤ ቶማቲዮ በሚባል ቲማቲም መሳይ አረንጓዴ ፍሬና በቀይ ቃሪያ የተሠራ ነው፣ «ሆት» የተባለውም እሱ ብቻ ነው። ቤቱ ስሙን የወሰደበት ቃሪያ ሃላፔኞ የሚባለው ቃሪያ ተክሉ ላይ ከቀላ በኋላ በጭስ ደርቆ የሚገኝ ነው። የጭሱ ጣዕም ባርባኮዋ በሚባለው የበሬ ሥጋ ውስጥ በደንብ ይሰማል። እኔ ባርባኮዋ ከጥቁር ባቄላ ጋር፣ ላዩ ላይ ቀዩን ሳልሳ ነው የማዘው።

ለጾመኛ ሁለቱም ቤት መብላት ይቻላል፣ ይህን ብዙ ሰው ስለማያውቅ ዘርዘር ላድርገው። ቺፖትሌ ሶፍሪታስ የሚባል ከቶፉ (የአኩሪ አተር አይብ) የሚሠራ ምግብ አላቸው። በቺፖትሌና በፖብላኖ ቃሪያ ስለሚበስል የጾም ሆኖም ያቃጥላል። ሩዙ፣ ባቄላው፣ አራቱም ሳልሳና ጓካሞሌው (የተፈጨ አቮካዶ) የጾም ናቸው። ከሶፍሪታስ ጋር ከሆነ ጓካሞሌው ተጨማሪ ይከፈልበታል። ታኮ ቤል ደግሞ ቢን ቡሪቶ (ባቄላ የተጠቀለለበት ቂጣ) እዘዙና «ፍሬስኮ ስታይል» በሉ፤ ቺዙ ቀርቶ በምትኩ ቲማቲም ይገባበታል። «ክሪሚ» የሚባሉትን ሶሶች ግን አስወጡ፣ ወተትና እንቁላል አለባቸው። ሲያቃጥላችሁ ውሃ አትጠጡ፣ ቃጠሎውን አፍ ውስጥ ከማዞር በቀር አይረዳም። የሚያቃጥለው ነገር የሚሟሟው በቅባት ነው። በፍስክ ወተት፣ በጾም አቮካዶ ይሻላል።

አሁን ለቤት የሚገዛው። ታባስኮ ከ1868 ጀምሮ ሉዊዚያና ውስጥ የሚሠራ የተከበረ ሶስ ነው፤ ግን ኮምጣጤው በጣም ጎልቶ ስለሚወጣ ለእንቁላል እንጂ ለታኮ አልመርጠውም። ክዳኑ እንጨት የሆነው ቾሉላ ጣፋጭ ነው፣ ለእኛ ግን ለስላሳ ነው። ታፓቲዮ ነጭ ሽንኩርቱ ይሰማል፣ ኮምጣጤው አይጮህም፣ በቅናሽ ዋጋም ይገኛል። ቫለንቲና ከገዛችሁ ጥቁር ወረቀት ያለውን ያዙ፤ ቢጫው ለስለስ ያለው ነው። በእውነት ማቃጠል ለሚፈልግ ከሜክሲኮዋ ዩካታን የሚመጣው ኤል ዩካቴኮ አለ፣ ሃባኔሮ በሚባል ኃይለኛ ቃሪያ ነው የሚሠራው። ከእሱም ቡናማው ወፈር ያለና ከሁሉም ያየለ ነው። በጠብታ ጀምሩ።

ግን አንድ ነገር ብቻ ግዙ ብትሉኝ ሳልሳ ማቻ እላችኋለሁ። መነሻው የሜክሲኮዋ ቬራክሩዝ ነው። ደረቅ ቀይ ቃሪያ በዘይት ተጠብሶ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦቾሎኒና ሰሊጥ ገብቶበት ይደቆሳል። አዋዜ የሚወድ ሰው ቶሎ የሚላመደው ይሄ ነው፤ ቃጠሎው ከዘይቱ ጋር አፍ ላይ ይቆያልና። የኦቾሎኒ አለርጂ ያለባችሁ ብቻ ተጠንቀቁ። ትልልቆቹ ሰንሰለት ቤቶች ውስጥ አትፈልጉት፣ የሜክሲኮ ግሮሰሪና ሰፈር ያሉ ታኬሪያዎች (ትናንሽ የታኮ ቤቶች) ናቸው የሚይዙት። ታኬሪያ ስትገቡ «ቺሌ ዴ አርቦል» የሚባለው ቀጭን ቀይ ቃሪያ ያለበትን ቀይ ሳልሳ ጠይቁ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ላላችሁ ይህ ቀላል ነው፤ የሳልቫዶርና የሜክሲኮ ሰዎች ቤት በየመንገዱ አለ፣ ዋጋውም ከሰንሰለት ቤቱ ብዙም አይርቅም።

ጥሬ ቃሪያ ለምትገዙ፣ ሃላፔኞ የቃሪያ ማቃጠል በሚለካበት በስኮቪል ልኬት ከ2,500 እስከ 8,000 ነው። ለስንግ መጠኑ ይመቻል፣ ግን አንዳንዱ ሣር ሣር ይላል። ላዩ ላይ ነጫጭ መስመር የወጣበትን ምረጡ፣ ብዙ ጊዜ የቆየና የበረታ እሱ ነው። ሴራኖ ከ10,000 እስከ 23,000 ይደርሳል፤ ዳጣ ወይም ቆጭቆጫ ለመሥራት ከሃላፔኞ እሱ ይሻላል። አርቦል ደረቁ ከ15,000 እስከ 30,000 ነው። ሃባኔሮ ከ100,000 ይጀምርና እስከ 350,000 ይሄዳል፤ ያለ ጓንት አትክተፉት፣ ዓይናችሁን አትንኩ። ቃጠሎው የተከማቸው ፍሬው ላይ ሳይሆን ፍሬውን በያዘው ነጭ ክፍል ላይ ነው፤ ማለስለስ ከፈለጋችሁ እሱን ፍቃችሁ አውጡ።

ዳላስ፣ ሲያትልና ሎስ አንጀለስ ያላችሁ፣ ሳልሳ ማቻ ራሱ የሚሠራ ታኬሪያ ካወቃችሁ ሰፈሩን ጨምራችሁ ጠቁሙን።