የዕቁብ ብር ለዳውን ፔይመንት ይሆናል? (ሌድሮይት ፓርክ፣ ዲሲ)

ማሂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በታች፣ ሌድሮይት ፓርክ ውስጥ አንድ የድሮ ቤት ለሽያጭ ወጥቷል። ቀይ ጡብ፣ ሦስት ፎቅ፣ የብረት ደረጃ፣ ግራና ቀኙ ከጎረቤት ጋር የተጣበቀ። ቤዝመንቱን፣ ምድር ቤቱን፣ እያከራየን እንከፍለዋለን ብለን ከባለቤቴ ጋር ተስማምተናል። ችግሩ ዳውን ፔይመንቱ፣ ቅድሚያ ክፍያው ነው። ባለፈው ወር ዕቁብ ደረሰኝ። 20 ሆነን በወር 2 ሺህ ዶላር የምንጥለው ነው፣ 40 ሺህ መሆኑ ነው። ባንክ ሳስገባው የብድሩ ሰውዬ «ይሄ ብር ከየት መጣ?» አለኝ። ግማሽ ሰዓት አስረዳሁት። ሰምቶ ሰምቶ «እና ተበድረሻል ማለት ነው» ብሎኝ ቁጭ። እንዲህ የገጠመው አለ? ደግሞ ወንድሜ መድረሱን ሰምቶ የኮንዶሚኒየሜን ፊኒሺንግ ጨርሺልኝ እያለኝ ነው። ማን እንደነገረው እግዜር ይወቅ።

ጋሽ ታዬ፦
ማሂ ልጄ፣ እንኳን ደረሰሽ። ከብሩ በፊት ግን ቤቱን እዪ። ሰፈሩ ከፈረንጅ 1974 ጀምሮ በቅርስነት የተመዘገበ ነው። ውስጡን እንደፈለግሽ አድርጊው፣ ከመንገድ የሚታየውን ግን፣ መስኮቱንም በሩንም ደረጃውንም፣ ከከተማው የቅርስ ጥበቃ ቢሮ ፈቃድ ሳታገኚ እንዳትነኪ። የፕላስቲክ መስኮት ገዝቶ መግጠም የሚባል ነገር የለም።
ቁልፍሽን አውጪና በጡቦቹ መሃል ያለውን ማያያዣ ጫር ጫር አድርጊው። እንደ ዱቄት ከረገፈ ኖራ ነው፣ ይጠገናል። በሲሚንቶ ተሞልቶ ካገኘሽው ዋጋ አስቀንሺ። ሲሚንቶ ከድሮ ጡብ ይጠነክራል። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ጡቡ ውስጥ ይቀራል፣ ዊንተር ላይ በረዶ ሲሆን ፊቱን ይልጠዋል። እኔ ሥራ ያቀለልኩ መስሎኝ የቤቴን ፊት በሲሚንቶ አስሞልቼ በሦስተኛው ዊንተር ጡቡ እንደ ሽንኩርት ይላጥ ጀመር።
ቤዝመንት ውረጂና ከመንገድ የሚገባውን የውሃ ቧንቧ በሳንቲም ፋቂው። ብር መስሎ ካብለጨለጨና ማግኔት ካልያዘው ሊድ ነው፣ የሚመርዘው እርሳስ። ልጆች አሉሽ። በፈረንጅ ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ቀለሙም ሊድ ሊኖረው ስለሚችል ያሰጋል። ቤዝመንት ማከራየትም ያለ ላይሰንስ አይሆንም፣ ኋላ አልነገሩኝም እንዳትዪ።

አዜብ፦
ጋሼ፣ የጻፉትን ሳነብ እንባዬ መጣ፣ አይሳቁብኝ። መስኮት ለመቀየር ፈቃድ! የአያቴ ቤት አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነበር። የእንጨት ደረጃው ሦስተኛው ላይ ሲረግጡት ይጮሃል፣ አያቴ ማን እንደመጣ በድምፁ ታውቅ ነበር። በእኛ 2016 ሰፈሩ ሲፈርስ በስልክ ነው ያየሁት፣ ሥራ ቦታ፣ ምሳዬን ይዤ። እዚህ ለመስኮት ይሟገታሉ።

ዳዊት፦
አዜብ አትቀየሚኝ። እኔም እዚያው ነው ያደግኩት። አንድ ሽንት ቤት ለአሥራ ሁለት አባወራ። ጠዋት ጠዋት ጣሳ ይዘን ወረፋ። ጣሪያው ሲያፈስ ልጠግን ብትዪ ቀበሌው አያስነካሽም። ናፍቆት ከሜሪላንድ ሲሆን ይጣፍጣል።

አዜብ፦
ሽንት ቤት ይሠራል እኮ! ቤት ማፍረስን ምን አመጣው? ጎረቤቱ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ተበትኖ ዕድሩ ራሱ ፈረሰ።

ትዕግስት፦
ኧረ ልጅቷ የጠየቀችው ሌላ ነው። እኔ ሞርጌጅ፣ የቤት ብድር ላይ ነው የምሠራው። ማሂ፣ ሎኑ ኤፍኤችኤ፣ መንግሥት ዋስ የሚሆንለት ብድር ከሆነ ዕቁብ በመመሪያቸው ውስጥ አለ፣ በስሙ አይጠሩትም እንጂ። የግል የቁጠባ ማኅበር ነው የሚሉት። የሚፈልጉት የዕቁቡን መዝገብ፣ የከፈልሽበትን ደረሰኝ፣ ከዚያ ገንዘብ ያዡ ዕቁቡ አሁንም እንዳለ የሚያረጋግጥበትን ነገር ነው። ግን ገና የምትጥዪው ካለ ያ 2 ሺህ በዕዳ ይቆጠርብሻል። ዳውን ፔይመንቱ ክሬዲትሽ ደህና ከሆነ ከ3.5 በመቶ ይጀምራል፣ የሞርጌጅ ኢንሹራንሱ ግን ይከተልሻል።

ዳዊት፦
ዕድሩን ቡልዶዘር ብቻ አይደለም ያፈረሰው። ጥለነው የመጣነው እኛ ነን።

ሳሚ፦
ስለ ሰፈር ካነሳችሁ ሌድሮይትም የእኛ አይደለም። በፈረንጅ 1873 ሲጀመር ለነጭ ብቻ ነበር፣ አጥር ነበረው። በ1888 የጥቁሮቹ ዩኒቨርሲቲ የሃዋርድ ተማሪዎች ያሉበት ሕዝብ ነው አጥሩን የነቀለው። የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች አሁን ዋጋው እየገፋቸው ነው። በፈረንጅ 2005 ገደማ እዚሁ ዲሲ ከዩ ስትሪት ጋር የሚገናኘው 9ኛ ጎዳና ሊትል ኢትዮጵያ ይባል ሲባል ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን የተቃወሙት በክፋት አይደለም፣ ከእኛ በፊት ስም ስለነበረው ነው።

ማሂ፦
ኧረ በማርያም! ቤት ልግዛ አልኩ እንጂ ሰው ላፈናቅል አልኩ? ትዕግስት ተባረኪ። ግን የዕቁባችን ዳኛ መዝገብ የላትም። ብር ስንልክ ቫይበር ላይ አውራ ጣት ነው የምታስቀምጠው። ደብዳቤ ጻፊልኝ ስላት «ታክስ ቢመጣብኝስ?» ብላ ከትናንት ጀምሮ ስልክ አታነሳም። ገና ሰባት ወር ይቀረኛል። የአውራ ጣቱን ስክሪንሾት ይቀበሉኝ ይሆን?

ዳዊት፦
አዜብ፣ የየትኛው ግቢ ልጅ ነሽ ግን? በር ላይ ዳቦ ቤት የነበረው?

አዜብ፦
እሱ የእትዬ አስካለ ግቢ ነው። እኛ ከዚያ ዝቅ ብሎ። አላናግርህም ብዬ ነበር።

ጋሽ ታዬ፦
ማሂ፣ ቧንቧውን ፋቅሽው ወይ?