ለሴፍቲኔት የምናስገባው ሀሳብ፦ ተንከባካቢውም ይቆጠር

ጸሐፊዋ (ደሴ፣ ሆጤ)
ሰላም ቤተሰብ። እሑድ በእኛ፣ ጉዳት ያለባቸው ልጆች ወላጆች፣ ስብሰባ ላይ የተነሳውን ሀሳብ በአንድ ገጽ እያሰፈርኩት ነው። የከተማ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ለድሃ ቤተሰቦች ድጋፍ የሚሰጠው ፕሮግራም፣ በ2009 በ11 ከተሞች ሲጀመር ደሴ አንዷ ነበረች። አሠራሩን ታውቁታላችሁ፤ መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤት ለክፍያው አካባቢ ልማት (ጽዳትና መሰል የሰፈር ሥራ) ይወጣል፣ የሌለበት ቀጥታ ድጋፍ (ያለ ሥራ የሚከፈል) ያገኛል። ባልና ሚስት ጤነኛ ከሆኑ አለቀ፣ አካባቢ ልማት ናቸው። የእኛን ቤት ሲመዘግቡ ልጁን ማን ያገላብጠዋል ብሎ የጠየቀ የለም። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ «ተንከባካቢ» ተብሎ ይመዝገብ። የሥራ ቀኑ ይነሳለት፣ የቤቱ ክፍያ ግን አይነካ።

እናት (ቧንቧ ውሃ)
ያለፍኩበት ነው እህቴ። ልጄ ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለበት። ሽሮውን ቀጠን አድርጌ፣ አንገቱን በክንዴ ደግፌ፣ በማንኪያ ጫፍ ጠብ ጠብ ነው የማበላው። ቸኮል ካልኩ ትን ይለዋል። መጥረጊያዬን ይዤ ስወጣ ለጎረቤት እተወዋለሁ፤ እሷ ደግሞ ይታነቅብኛል ብላ ትፈራለች። እስክመለስ ጦሙን ይቆያል። ከቀረሁ ቀኑ ይቆረጥብኛል። ወላሂ ይሄ ነገር በደማቁ ይጻፍ።

አባት (ኮምቦልቻ)
እኔ ፋብሪካ ስለምሠራ ሴፍቲኔት አይነካኝም። የፈቃዱ ነገርስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለከባድ ጉዳይ የሚሰጠው እስከ 5 ተከታታይ ቀን ነው፤ ያውም ያለ ክፍያ፣ በዓመት ሁለቴ ብቻ። ልጅ ይዞ ደሴ ለፊዚዮቴራፒ ለሚመላለስ ሰው ይሄ ምን ይሠራል? አብረን እናስገባው።

ሰብሳቢው
ልክ ነህ ወንድሜ፤ ግን አዋጁ የፌዴራል ነው። ይሄኛው ወረቀት የሚገባው ከተማው ማህበራዊ ጉዳይ ጋ ነው። ሁሉን ከደባለቅን «እኛን አይመለከትም» ብለው በአንድ መስመር ይገላገሉናል። የአንተን ለብቻው እንጽፈዋለን፣ አብሽር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41(5) መንግሥት ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል፤ ነገር ግን «አቅም በፈቀደ» የምትል ማምለጫ አለችው። እኛ የምንለው ቀኑን እንጂ ተጨማሪ ብር አይደለም። እዚያ ላይ ጠንከር እንበል።

አባት (አራዳ)
ጋሼ፣ አንድ ነገር። ተንከባካቢ ሲባል ሁሌ እናትየዋን ነው የሚሞሉት። በእኛ ቤት እኔ ነኝ። ልጄ 14 ሞላት፤ የሰፈራችንን ዳገት በጀርባዬ ነው የማወጣት። ወገቤ እንቢ ሲል ሚስቴ ትተካኝ። ባልና ሚስቱ ይምረጡ፣ መቀያየርም ይፈቀድላቸው።

ጸሐፊዋ
ጨምሬዋለሁ። በየ3 ወሩ ብዬ።

እናት (ቧንቧ ውሃ)
3 ወር ብዙ ነው፣ ሰው ይታመማል እኮ። «ሲያስፈልግ፣ በማመልከቻ» ብትይውስ?

እናት (ፒያሳ)
የማይታየውም አይረሳ። የእኔ ልጅ ኦቲዝም ነው። «በእግሩ እየሄደ ምን ሆነ ትያለሽ?» ተብያለሁ። በዓይን ሳይሆን በሐኪም ወረቀት ይወሰን። ደግሞ አባትየው ጥሎ ሲሄድስ? ብቻዬን ብሆንም ጤነኛ ነሽ ተብዬ አካባቢ ልማት ነው የምገባው። ባልና ሚስት ብቻ ካላችሁ እኔ ውጭ ቀረሁ።

ጸሐፊዋ
እውነትሽን ነው። «ባልና ሚስት ወይም ብቻውን የሚያሳድግ ወላጅ» ይሁን። ብቻዋን ያለችው ግን ቀን በመቀነስ አይሆንላትም። በቀጥታ ድጋፍ ትያዝ ብዬ ለብቻው ነጥብ አደርገዋለሁ። በማመልከቻ የሚለውንም ወስጃለሁ።

ሰብሳቢው
እስማማለሁ። ሐሙስ 8 ሰዓት ሆጤ እንፈርምበት። የሐኪም ወረቀት ያላችሁ ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ ኑ። ኦርጅናሉን ለማንም አትስጡ፣ ለእኔም ቢሆን።